ቦርጭ፣ አትክልትና የኮሌስትሮል ወረቀታችን



የሥነ ምግብ ተማሪ ከሆንኩ ወዲህ ዘመድ ቤት ስሄድ ከቡና ቁርሱ ጋር አብሮ የሚቀርብልኝ ነገር አለ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት። «አንቺ ተምረሻል፣ እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ሲጨመቅ ሁለት ነው። አንደኛው «ቦርጭ ስላለኝ ኮሌስትሮል አለብኝ ማለት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አትክልትና ፍራፍሬ ባበዛ ይወርድልኛል?» የሚል። ለሁለቱም «አዎ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ የጤና በራሪ ጽሑፎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን ቦርጭና አትክልት በወረቀቱ ላይ የሚነኩት መስመር አንድ አይደለም። ይህን ሳንለይ ስንቀር አንዳንዱ ደህና ሳይሆን ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላው ወራት ሙሉ ሰላጣ በልቶ ቁጥሩ ንቅንቅ አልል ሲለው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው። ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። የሴሎቻችን ሽፋን፣ አንዳንድ ሆርሞኖችና የሐሞት አሲድ የሚሠሩት ከእሱ ነው፤ አብዛኛውንም ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። ስብ በውሃ ስለማይሟሟ ግን በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም፤ በጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ይሄዳል። ኤል ዲ ኤል ኮሌስትሮልን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚያደርስ እንክብል ነው፤ ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል፣ «መጥፎው» የተባለውም ለዚህ ነው። ኤች ዲ ኤል ትርፉን እየለቀመ ወደ ጉበት ይመልሳል። ትራይግሊሰራይድ ኮሌስትሮል አይደለም፤ ለጉልበት የሚቀመጥ ስብ ሲሆን ከጉበት የሚወጣው ቪ ኤል ዲ ኤል በሚባል ትልቅ እንክብል ተጭኖ ነው። ከላይ የተጻፈው «ጠቅላላ ኮሌስትሮል» በእነዚህ ሁሉ እንክብሎች ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ድምር ነው። ድምር ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል።

በአሜሪካ ወረቀቶች ላይ ጤናማ ተብለው የሚጻፉት ቁጥሮች ጠቅላላ ከ200 በታች፣ ኤል ዲ ኤል ከ100 በታች፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች፣ ኤች ዲ ኤል ደግሞ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በላይ ናቸው፤ መለኪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያላችሁ ግን 5.2 ወይም 1.7 የመሰሉ ትንንሽ ቁጥሮች ታያላችሁ፤ ያ ሚሊሞል በሊትር ነው። ኮሌስትሮሉን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይዱን በ88.6 ብታባዙት የአሜሪካውን ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ቦርጭ። በሆዳችን አካባቢ ሁለት ዓይነት ስብ አለ። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጠጥ አድርገን የምንይዘው ነው። ሁለተኛው ከሆድ ጡንቻ በስተ ውስጥ በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀመው ነው። ሆዱ ጠንከር ብሎ ወደ ፊት የወጣ፣ ግን ሲቆነጠጥ ብዙም የማይያዝ ሰው ታውቁ ይሆናል፤ የእሱ ስብ በአብዛኛው የውስጡ ነው። ዋናው ችግር ያለውም እዚያ ነው። ከአንጀት አካባቢ የሚነሳው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በአንድ ትልቅ ደም መልስ ቧንቧ በኩል በቀጥታ ጉበት ውስጥ ያልፋል። የውስጡ ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ እየቀለጠ የስብ አሲድ ይለቃል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን በሰውነት ላይ ያለው ኃይል ሲዳከም ከሌላውም የሰውነት ክፍል የሚለቀቀው ስብ ይበዛል። ጉበት የመጣለትን ሁሉ ወደ ትራይግሊሰራይድ ይቀይራል፤ ከፊሉን እዚያው ያስቀምጣል (የጉበት ስብ የሚባለው ነው)፣ ከፊሉን በቪ ኤል ዲ ኤል ጭኖ ወደ ደም ይልካል። ስለዚህ ቦርጭ መጀመሪያ ከፍ የሚያደርገው መስመር ትራይግሊሰራይድን ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። በደም ውስጥ በእንክብሎች መካከል ስብ የሚያለዋውጥ ፕሮቲን አለ። ቪ ኤል ዲ ኤል ሲበዛ ይህ ፕሮቲን ትራይግሊሰራይድ ከእሱ እየወሰደ ለኤች ዲ ኤልና ለኤል ዲ ኤል ይሰጣል፤ በምትኩ ኮሌስትሮል ይቀበላቸዋል። ትራይግሊሰራይድ የተጫነበት ኤች ዲ ኤል ቶሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ኤች ዲ ኤል ይወርዳል። ኤል ዲ ኤሉ ደግሞ እያነሰና እየጠበቀ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ጥቂት ስለሆነ በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ደህና ይመስላል።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ሳስረዳ የአዲስ አበባን ትራንስፖርት አነሳለሁ። የኤል ዲ ኤል ቁጥር የሚቆጥረው ተሳፋሪውን እንጂ መኪናውን አይደለም። መቶ ሰው በሁለት አንበሳ አውቶቡስ ሊሄድ ይችላል፤ በዘጠኝ ሚኒባስም ሊሄድ ይችላል። ተሳፋሪው ያው መቶ ነው፤ መንገዱን የሚያጨናንቀው ግን የመኪናው ብዛት ነው። በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የሚገባውም እንክብሉ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በሹፍርና የሚተዳደሩ አንድ ዘመዴ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ወረቀታቸውን እንዳሳይ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አይደለም። ጠቅላላ 186፣ ኤል ዲ ኤል 100፣ ኤች ዲ ኤል 36፣ ትራይግሊሰራይድ 250።

«ኮሌስትሮልህ ደህና ነው ብለውኛል፤ 186 ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሱሪዎ ቁጥር ስንት ነው?»

«34። ከወጣትነቴ ጀምሮ አልተለወጠም!»

እውነት ነው፣ አልተለወጠም፤ ቀበቶው ግን ከቦርጩ ሥር ወርዷል። በሜትር ስንለካው ወገባቸው 106 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

የእሳቸውን ወረቀት በእርሳስ አብረን እናስላው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤል ዲ ኤልን በቀጥታ አይለኩም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሪደዋልድና ባልደረቦቹ ባወጡት ቀመር ያሰሉታል፤ ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። 186 ሲቀነስ 36፣ ሲቀነስ 50፣ 100 ይመጣል። (ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ቀመር አይሠራም።) አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር እናውጣ፤ ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልን ብቻ እንቀንስ፤ 150። ይህ ግድግዳ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት እንክብሎች ሁሉ የተሸከሙት ኮሌስትሮል ነው፤ ከ130 በታች ቢሆን ይመረጣል። ጠቅላላው «ደህና»፣ ኤል ዲ ኤሉ «ደህና» ተብሎ፣ ሦስቱ የቦርጭ ምልክቶች ግን፣ ማለትም ወገብ፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድና ዝቅ ያለ ኤች ዲ ኤል፣ አንድ ላይ ቆመዋል። ወረቀት ስታነቡ ይህችን መቀነስ ራሳችሁ ሥሯት፤ አሥር ሰከንድ አትፈጅም።

ወገብ ሲለካ ሱሪ የሚታጠቅበት ቦታ አይደለም። በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው፤ ትንፋሽ በተፈጥሮው ወጥቶ፣ ሆድ ሳይሳብ። (ሆዱን የማይስብ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም።) በአሜሪካ የሚጠቀሰው ወሰን ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ሴንቲ ሜትር ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ግን ለአውሮፓውያን ወንድ 94፣ ሴት 80 ብሎ፣ ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያንም የራሳቸው በቂ መረጃ እስኪገኝ በዚሁ እንጠቀም ይላል። እኔ የምወደው በክር የሚለካውን ነው። ቁመታችሁን በክር ለኩና ክሩን ለሁለት እጠፉት፤ የታጠፈው ክር ወገባችሁን ካልዞረ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ከ2022 ጀምሮ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን ብሎ ይመክራል። ለእናቶቻችን በስልክ ለማስረዳትም ይቀላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። አትክልትና ፍራፍሬ ኮሌስትሮልን የሚነካበት ዋናው መንገድ በሐሞት በኩል ነው። ጉበት ከኮሌስትሮል የሐሞት አሲድ ይሠራል፤ አሲዱ ስብ እንዲፈጭ ረድቶ ሲያበቃ አብዛኛው ከትንሹ አንጀት ጫፍ ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እንደገና ይሠራበታል። በውሃ የሚሟሟ ፋይበር ስንበላ ግን ከፊሉን አሲድ ይዞ ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ኤል ዲ ኤልን ከደም ይስባል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚወርደው መስመር ኤል ዲ ኤል ነው፤ ትራይግሊሰራይድ አይደለም።

ይህ ፋይበር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ተልባ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፍ፤ ያ የሚዝለገለገው ነገር ነው። ባሚያም አለው፤ አጃ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ፖም፣ ብርቱካንም አላቸው። ቅጠል ሰላጣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከእሱ የሚገኘው የዚህ ዓይነት ፋይበር እጅግ ጥቂት ነው። «ሰላጣ በላሁ፣ አልወረደም» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መጠኑንም በግልጽ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ 67 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት በቀን የሚበላ እያንዳንዱ ግራም የሚሟሟ ፋይበር ኤል ዲ ኤልን በ2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። 5 ግራም ለመብላት ጠንከር ያለ ሰው 160 የነበረውን ወደ 150 ያወርዳል እንበል። ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ያለ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው ዳሽ የሚባለው የአሜሪካ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ የታተመው ይህ ሙከራ 459 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ፣ ምግቡን ራሱ እያቀረበ ለስምንት ሳምንት አበላቸው። አንዱ ቡድን የተለመደውን የአሜሪካ ምግብ በላ። ሁለተኛው በዚያው ምግብ ላይ ብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ተጨመረለት። ሦስተኛው አትክልትና ፍራፍሬውም ተጨምሮለት፣ የሥጋውና የቅቤው ስብም ተቀነሰለት፣ ወተቱም ስቡ የወጣለት ሆነ። የደም ስብ ውጤቱ በ2001 ሲወጣ የሁለተኛው ቡድን ኮሌስትሮል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። የሦስተኛው ግን ኤል ዲ ኤሉ በ11 ሚሊግራም ገደማ ወረደ። አትክልቱ ለሁለተኛው ቡድን ከንቱ አልነበረም፤ የደም ግፊታቸው ወርዷል። ለኮሌስትሮል ግን ወሳኙ አትክልቱ መጨመሩ ሳይሆን የማንን ቦታ እንደያዘ ነው።

ይህ ለእኛ ገበታ ትልቅ ትርጉም አለው። ጎመን በንጥር ቅቤ ሲሠራ አትክልት በላን እንላለን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል ጠጣር ስብ አለው፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 13 ግራም ገደማ ነው። ከክትፎ ጎን የሚመጣው ጎመን ክትፎውን አይሰርዘውም፤ በክትፎው ፋንታ የሚመጣው ጎመን ግን ሥራ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲል ድንችን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ድንች ወጥ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። ይህን ስል እቤት ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል።

በነገራችን ላይ ቡናም በዚህ ወረቀት ላይ ድርሻ አለው። ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ካፌስቶል የሚባል ዘይታማ ነገር ስላለው ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል፤ የወረቀት ማጣሪያ ግን ያስቀረዋል። የጀበና ቡና በወረቀት አያልፍም። አቦል ቶናን ተዉ አላልኩም! ኤል ዲ ኤሉ ከፍ ያለበትና በቀን ስድስት ሰባት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ግን ይወቀው።

ጾማችንስ? ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ለሳምንታት ሲቀሩ ኤል ዲ ኤል እንዲወርድ መጠበቅ ተገቢ ነው። በግሪክ ቀርጤስ ደሴት በኦርቶዶክስ ጾመኞች ላይ የተሠራና በ2003 የታተመ ጥናትም በጾሙ መጨረሻ ጠቅላላውም ኤል ዲ ኤሉም ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ግን ስደት ላይ የምንጾመውን ጾም እንመልከት። ለክፍልና ለሥራ ስንሯሯጥ የጾም ምግባችን ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ ይሆናል። ይህ ኤል ዲ ኤልን ላያስቆጣ ይችላል፤ ትራይግሊሰራይድንና ወገብን ግን ይመግባል። ምስር፣ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ የገብስ ቆሎ፣ ተልባ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ያሉበት ጾም እና ይህ ጾም በስም እንጂ በደም ላይ አንድ አይደሉም። በሶም ጥሩ ነው፤ ገብስ ነውና፤ ስኳሩን ካላበዛንበት።

ስኳር ካነሳሁ አይቀር ጭማቂን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ለአሥር ሳምንት ከካሎሪያቸው ሩቡን በፍሩክቶስ መጠጥ የወሰዱትን በግሉኮስ መጠጥ ከወሰዱት ጋር አነጻጸረ። የሁለቱም ክብደት ተቀራራቢ ጨመረ፤ የሆድ ውስጥ ስቡ ጎልቶ የጨመረው ግን በፍሩክቶሱ ቡድን ነው። ያ የላቦራቶሪ መጠጥ ነው፤ ብርቱካን አይደለም። ሙሉ ብርቱካን ፋይበሩ ስላለው ሁለት በልተን እንጠግባለን። አምስት ብርቱካን ተጨምቆ ስኳር ሲገባበት ወይም ስፕሪስ ላይ ሽሮፕ ሲፈስ ግን «ፍራፍሬ ነው» የሚለው ስሙ ብቻ ይቀራል። ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ላለ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ ለጋሼም የነገርኳቸው መኪናቸው ውስጥ ስለሚያስቀምጡት የጭማቂ ጠርሙስ ነበር።

ቦርጭን በተመለከተ ከአትክልት ይልቅ የሚሠራው ጠቅላላ ካሎሪና እንቅስቃሴ ነው። ከክብደት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ትራይግሊሰራይድን በ20 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ለ90 ኪሎ ሰው ይህ ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ነው። አዘውትሮ ፈጠን ብሎ መራመድ ደግሞ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም የውስጡን ስብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ ሜትሩን እመኑ። አትክልቱና ጥራጥሬው የሚረዱት በካሎሪ ጥቂት ሆነው ስለሚያጠግቡ ነው።

ሁለቱ ከኮሌስትሮልም አልፈው አብረው የሚጠቀሱበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት በ52 አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የልብ ድካም የደረሰባቸውን 15 ሺህ ያህል ሰዎች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ የአደጋውን አብዛኛውን ክፍል የሚያስረዱ ዘጠኝ ነገሮችን ለየ። የሆድ ውፍረትም፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ አለመብላትም በዘጠኙ ውስጥ አሉ። የደም ስቡን የለኩትም በጠቅላላ ኮሌስትሮል ሳይሆን በእንክብሎቹ ፕሮቲን ነው፤ ማለትም መኪናውን ነው የቆጠሩት።

አገር ቤትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ የሚመከረውን የአትክልትና ፍራፍሬ መጠን አይበላም፤ ጎልቶ የታየው የደም ስብ ችግርም ዝቅ ያለ ኤች ዲ ኤል ነበር። ቀጭን የሆነና ኤች ዲ ኤሉ ዝቅ ያለ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፤ ስብ አነስ ብሎ እህል የበዛበት ምግብም ኤች ዲ ኤልን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ብቻውን ዝቅ ስላለ አትደናገጡ። ከትራይግሊሰራይዱና ከወገቡ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

በመጨረሻ አንድ ዓይነት ወረቀት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ኤል ዲ ኤል 190 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ በተለይ በወጣትና ቦርጭ በሌለው ሰው ላይ፣ ነገሩ ከገበታ ሳይሆን ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ከ250 ሰው አንዱ ያህል ኤል ዲ ኤልን ከደም በደንብ መሳብ የማይችል ጉበት ይዞ ይወለዳል። ይህን ተልባም፣ ጎመንም፣ ሩጫም ብቻቸውን አያወርዱትም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ከተጀመረም በደንብ ይሠራል። እንዲህ ያለ ቁጥር በኮሌጁ ክሊኒክ የተነገረው ሰው ሐኪሙን በዚህ ስም ይጠይቅ፤ «በዘር የሚተላለፍ ይሆን?» ብሎ። ከዚያም አገር ቤት ደውሎ ከቤተሰቡ በልጅነት ዕድሜ ልቡን የታመመ ወይም በድንገት ያረፈ ሰው እንዳለ ያጣራ፤ ወላጆቹ፣ እህት ወንድሞቹና ልጆቹም ደማቸውን ይመርመሩ።